አማርኛን ከእንግሊዝኛ ክፍል አታባርሩት

በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ ካለችው ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦርም እስከ አዲስ አበባ፣ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት ሲነሳ ሁሉም የተስማማበት የሚመስል አንድ ሐሳብ አለ፦ እንግሊዝኛ መሰጠት ያለበት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ጎበዝ የሚባለው መምህር ገብቶ እስኪወጣ አማርኛ ከአፉ የማይወጣው ነው። ክፍል ለመታዘብ የመጣ ሱፐርቫይዘር መምህሩ ለማስረዳት አማርኛ ሲናገር ከሰማ በድክመት ይመዘግብበታል። በከተሞች ደግሞ ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ የሚቀጣባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ወላጅም ቅጣቱን የጥራት ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ይህ ሐሳብ ስህተት ነው። ስህተትነቱም ከሁሉ በላይ የሚጋለጠው ትንንሽ በሚመስሉ ቃላት ላይ ነው፦ «ዘ»፣ «ኧ»፣ «አን»፣ «ዚስ»፣ «ኤቭሪ»፣ «ሰም»፣ «ኤኒ»፣ «ማይ»። መምህራን ዲተርማይነር ይሏቸዋል። ከስም ፊት ቆመው የምናወራው ስለ የትኛው ነገር እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነና የማን እንደሆነ ይወስናሉ፤ ስለዚህ እዚህ ወሳኝ ቃላት እላቸዋለሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ሆኖም 12ኛ ክፍል የደረሰ፣ ኬሚስትሪና ታሪክን በእንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ «እሱ አስተማሪ ነው» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ኧ» የምትባለዋን ቃል ይዘላታል። መምህሩ በቀይ ያሰምርበታል፤ ተማሪው በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ይደግማል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሲጠየቅ መልሱ የተዘጋጀ ነው። «አማርኛ አርቲክል የለውም። ስለዚህ ለልጆቻችን ይከብዳቸዋል። መድኃኒቱ እንግሊዝኛ አብዝቶ ማሰማት ነው» ይባላል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ሁለተኛው እውነት ቢሆንም ምክንያቱ የተባለው አይደለም። ሦስተኛው አንበሳሜ ላይ ሊፈጸም የማይችል ምክር ነው። በየተራ ላሳይ።

አንድ የደራ ገበሬ «በሬ ገዛሁ» ሲልና «በሬውን ገዛሁት» ሲል የተናገረው አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያውን የሰማ ጎረቤት «ምን ዓይነት? በስንት?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሰማ ጎረቤት ግን በሬው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሲደራደሩበት የሰነበቱት፣ ወይም ትናንት አብረው ያዩት ነው። ልዩነቱን ያመጣችው «ው» ናት። ብቻዋንም አልመጣችም፤ «ን» ተከትላታለች፣ ከግሡ መጨረሻም «ት» ተጨምራለች። እንግሊዝኛ በአንዲት «ዘ» የሚለውን አማርኛ ሦስት ቦታ ላይ ምልክት እያደረገ ይለዋል። ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ሳይሳሳት ይናገራል። «በሬው ገዛሁ» የሚል የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ አይገኝም።

ስለዚህ አማርኛ የታወቀውን ካልታወቀው የሚለይበት መሣሪያ አለው። ለወንድ «ልጁ»፣ ለሴት «ልጅቱ»፣ ለብዙ «ልጆቹ» ይላል። ላልታወቀው ደግሞ «አንድ» እና «አንዲት» አሉት። ለጠቋሚነት «ይህ»፣ «ያ»፣ «ይህች»፣ «ያች»፤ ለመጠን «ሁሉ»፣ «እያንዳንዱ»፣ «ጥቂት»፣ «ብዙ»፣ «ማንኛውም» አሉት። ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ካሳተመ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ባዬ ይማምም በ1987 ዓ.ም. «የአማርኛ ሰዋስው» የተባለውን መጽሐፋቸውን አቅርበውልናል። ቋንቋችን ሥርዓቱ ያልተጠና፣ ያልተጻፈለት አይደለም። የጎደለው እነዚህን መጻሕፍት ከእንግሊዝኛ መምህሩ ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው።

አሁን የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ስለ «ዘ» የሚያስቀምጡትን ዝርዝር እንመልከት። ተማሪው እንዲሸመድድ የሚሰጠው ሕግ ረጅም ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን ስትናገር «ዘ» ጨምር። በቅደም ተከተል ቁጥር ፊት «ዘ» ጨምር። «ብቸኛ» ለማለት «ዘ» ጨምር። ስሙን የሚያብራራ ሐረግ ሲከተለውና የትኛው እንደሆነ ሲለይ «ዘ» ጨምር። ልጁ አምስትና ስድስት ሕግ በደብተሩ ይገለብጣል፤ ፈተና ሲመጣ ይሸመድዳል፤ ካለፈ በኋላ ይረሳል። ያንኑ ልጅ በአማርኛ ጠይቁት። «ከሁሉ ትልቁ» ይላል እንጂ «ከሁሉ ትልቅ በሬ ሞተ» አይልም። «የመጀመሪያው ቀን»፣ «ሁለተኛው ልጅ»፣ «ብቸኛው መንገድ»፣ «ትናንት የመጣው ሰው» ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሕግ በአማርኛው ላይ ምልክቱን ይዞ ተቀምጧል። ስድስት የሚመስለው ሕግ ልጁ ከእናቱ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ይህን የሚነግረው ግን የለም።

ቦታውም ቢሆን ይገጥማል። አማርኛ ምልክቱን ከስሙ ጋር አጣብቆ አይተወውም፤ ከፊት ቅጽል ከመጣ ወደ ቅጽሉ ያዛውረዋል። «በሬው» የነበረው «ትልቁ ጥቁር በሬ» ይሆናል። እንግሊዝኛም «ዘ»ን ከሐረጉ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል። በሁለቱም ቋንቋ ወሳኙ የሚታወቀው ገና ከሐረጉ ራስ ነው። በባለቤትነትም እንዲሁ ነው። «በሬዬ» ያለ ሰው እላዩ ላይ «ው» አይደርብም፤ ባለቤቱ ከታወቀ የታወቀ ነውና። ተማሪው «ዘ ማይ» ብሎ ሁለቱን ሲደርብ መምህሩ «በአማርኛ ሁለቱንም ትደርባለህ?» ብሎ ቢጠይቀው ያንን ስህተት ልጁ ራሱ ያርመዋል።

ተረት ለሚሰማ ልጅማ ነገሩ ከዚህም የቀረበ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ገበሬ ነበረ። ገበሬው አንዲት ላም ነበረችው። ላሚቱ አንድ ቀን ጠፋች። የደቡብ ጎንደር ልጅ በእሳት ዳር ሲሰማው ያደገው አተራረክ ይህ ነው፦ ሰው ሲገባ «አንድ»፣ ከገባ በኋላ «ው»። የእንግሊዝኛ ተረትም ሲገባ «ኧ»፣ ከገባ በኋላ «ዘ» እያለ እዚያው መንገድ ላይ ይሄዳል። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ምልክቶቹን አስምሮ፣ ከሥራቸው እንግሊዝኛውን መጻፍ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ለሰዓታት ቢብራራ ያልገባው ነገር በዚህ ይገባል፤ ልጁ አዲስ ነገር አልተማረምና፣ የሚያውቀውን ነገር አዲስ ልብስ ለብሶ አየው እንጂ።

ከዚህም አልፎ የልጁ አማርኛ ከመጽሐፉ ሕግ የበለጠ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። መጽሐፉ «መጀመሪያ ስትጠቅሰው «ኧ»፣ ሁለተኛ ስትጠቅሰው «ዘ»» ይላል። በዚህ ሕግ ከሄድን አንድ ሰው ክፍል ገብቶ ገና አፉን ሲከፍት «በር ዝጋ» ማለት ነበረበት፤ በሩ ከዚያ በፊት አልተጠቀሰምና። ማንም እንዲህ አይልም። «በሩን ዝጋው» ይላል፤ እንግሊዝኛውም «ዘ» ይላል። ምክንያቱ በሩ ለሁለቱም ተነጋጋሪዎች ፊት ለፊት የሚታይ መሆኑ ነው። ወሳኙን የሚወስነው የመጠቀስ ተራ ሳይሆን ሰሚው የትኛው እንደሆነ መለየት መቻሉ ነው። ይህን የሚያህል ጥልቅ ነገር ልጁ በአማርኛው ያውቀዋል። እኛ ግን የሚያውቀውን ከልክለን ጎዶሎውን ሕግ እናስሸመድደዋለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ለልጆቻችን በእርግጥ ይከብዳቸዋል። የሚከብዳቸው ግን አማርኛ ወሳኝ ስለሌለው አይደለም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው ሲሄዱ ቆይተው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ስለሚለያዩ ነው። ቦታዎቹ የሚቆጠሩ ናቸው።

ዋናው መለያያ ምልክት ያልተደረገበት ስም ነው። «በሬ ገዛሁ» ያለ ሰው አንድ ይግዛ ሁለት አልተናገረም፤ አማርኛ አያስገድደውም። «እሱ አስተማሪ ነው»፣ «እሷ ሐኪም ናት» ስንልም ስሙ ራቁቱን ይቆማል፤ «አንድ አስተማሪ ነው» ብንል ትርጉሙ ይዛባል። እንግሊዝኛ ግን ነጠላና የሚቆጠር ስም ራቁቱን እንዲቆም አይፈቅድም። አንድ ወሳኝ፣ የትኛውም ይሁን የትኛው፣ ከፊቱ መቆም አለበት። ተማሪዎቻችን የሚሠሩት ስህተት ትልቁ ክፍል ከዚህ ይመጣል፤ «ዘ»ን ሳይሆን «ኧ»ን ነው የሚዘሉት። ከሥሩ ያለው ደግሞ የመቆጠር ጉዳይ ነው። እኛ ምክር፣ መረጃና የቤት ዕቃ እንቆጥራለን፤ «ምክሮች»፣ «መረጃዎች»፣ «ዕቃዎች» እንላለን። እንግሊዝኛ እነዚህን ሦስቱን እንደ ውሃና እንደ ዱቄት የማይቆጠሩ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ «ኧ» አይቀበሉም፣ የብዙ ምልክትም አይቀበሉም። ይህን በጆሮ ጠብቆ ማግኘት አይቻልም፤ «በእኛ ቋንቋ ይቆጠራል፣ በእነሱ አይቆጠርም» ተብሎ ሊነገር ይገባል።

ሌሎቹ መለያያዎች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። እኛ «ሦስት በሬ» ማለት እንችላለን፤ ቁጥሩ ብዛቱን ተናግሮታልና። እንግሊዝኛ ግን ስሙንም እንዲበዛ ያስገድዳል። በተቃራኒው «ኤቭሪ» ብዙ ነገር እያሰበ ስሙን ነጠላ ያደርጋል፤ በዚህ «እያንዳንዱ ልጅ» ያግዛል፣ «ሁሉም ልጆች» ያሳስታል። የእኛ «ብዙ» ለሚቆጠረውም ለማይቆጠረውም ይሆናል፤ እንግሊዝኛ «ሜኒ» እና «ማች» ብሎ ይለያል። «ልጁ መጣ» ስንል የታወቀው ልጅ ወይም የእሱ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛ ሁለቱን በሁለት ቃል ይለያል። «ይህ መጽሐፌ» ማለት ለእኛ ትክክል ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዚስ» እና «ማይ» ጎን ለጎን ቆመው ያንኑ ስም ሊወስኑ አይችሉም። «ምንም ገንዘብ የለኝም» ስንል «ምንም» አሉታዊውን ግሥ ይፈልጋል፤ ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ የወሰደ ተማሪ ሁለት አሉታ ይደራርባል። ፀሐይ ስትወጣ «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ለፀሐይም «ዘ» ይሰጣታል፤ ሁሉም የሚያውቃት አንዲት ናትና።

የቦታ ስምም አለ። አማርኛ በስመ ቦታ ላይ ምልክት አያደርግም። እንግሊዝኛ ሐይቅንና አንድ ተራራን እንዲሁ ይተዋል፤ ወንዝንና የተራራ ሰንሰለትን ግን በ«ዘ» ያስጀምራል። ለአንበሳሜ ልጅ ይህን ለማስተማር ቴምዝንና አልፕስን ማምጣት ምን ይሠራል? ጣናና ጉና ያለ «ዘ» ይጻፋሉ። ዓባይ፣ ጉማራና ርብ፣ እንዲሁም የሰሜን ተራሮች በ«ዘ» ይጻፋሉ። ልጁ ከሚኖርበት አገር ሳይወጣ ሕጉን ሙሉ በሙሉ ይዞታል።

እነዚህን ስህተቶች አስተውሉ። አንዳቸውም ከልጁ ስንፍና አልመጡም። እያንዳንዳቸው ትክክለኛ የአማርኛ ሕግ እንግሊዝኛ ላይ ሲሠራ የተገኙ ናቸው። ስለዚህ ስህተቱን ከሥሩ ሊነቅል የሚችለው የአማርኛውን ሕግ የሚያውቅና ስሙን ጠርቶ ሊናገር የተፈቀደለት መምህር ነው። አማርኛ የተከለከለ መምህር ቀይ መስመር ማስመር ይችላል፤ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አይችልም። ምክንያቱን ያልሰማ ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛ ሕግ የሌለው፣ በዕድል የሚገኝ ነገር ነው ብሎ ይደመድማል። ብዙዎቹ እዚያ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ።

ሦስተኛው፣ አብዝቶ የማሰማት ምክር፣ ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ተቃውሞ ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልሰው። የሚሉት ይህ ነው፦ ልጁ ከክፍል ሲወጣ እንግሊዝኛ የሚሰማበት ቦታ የለም። በቤቱ አማርኛ፣ በገበያው አማርኛ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግእዝና አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚያገኘው በዚያች አርባ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ እሷንም በአማርኛ ከበላንበት ምን ይቀርለታል? መነሻው እውነት ነው። መደምደሚያው ግን ከመነሻው ተቃራኒ መሆን ነበረበት። የለንደን ሕፃን «ዘ»ን ያለ ማብራሪያ የሚለምዳት ከእንቅልፉ ነቅቶ እስኪተኛ በየቀኑ እልፍ ጊዜ ስለሚሰማት ነው። የእኛ ልጅ ያ ሰዓት የለውም። ሰዓት የሌለውን ልጅ ብዙ ሰዓት በሚጠይቅ መንገድ እንዲማር ማስገደድ በደል ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው የሚያስፈልገው አቋራጭ መንገድ ነው፤ ማብራሪያ አቋራጭ ነው፤ ማብራሪያ ደግሞ የሚሠራው በሚገባ ቋንቋ ሲሰጥ ነው።

በዚያ ላይ እነዚህ ቃላት በንግግር ውስጥ ተውጠው የሚያልፉ ናቸው። «ዘ» እና «ኧ» አጽንዖት አይወድቅባቸውም፤ ከሚከተላቸው ስም ጋር ተጣብቀው በጆሮ ሳይያዙ ያልፋሉ። ምን እንደሚፈልግ ያልተነገረው ጆሮ አይሰማቸውም። መጀመሪያ እንዳሉና ምን እንደሚሠሩ ማወቅ፣ ከዚያ ማዳመጥ ነው ቅደም ተከተሉ።

የማሰማቱን መንገድ ደግሞ ሞክረነዋል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የሳተላይት ትምህርት፣ ሁላችንም ፕላዝማ ብለን የምናስታውሰው፣ ከስክሪን የሚፈስ እንግሊዝኛን በብዛት ሰጥቷል። ተማሪው ፍጥነቱን ሊከተል አልቻለም፤ መምህሩም አቁሞ ሊያስረዳ ዕድል አላገኘም። እንግሊዝኛው ነበረ፤ የጎደለው የሚያስረዳ ሰው ነው።

«እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣም ማወቅ ይጠቅማል። ብዙዎች በጥናት የተረጋገጠ እውነት ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 በኡጋንዳ ማኬሬሬ የእንግሊዝኛ ትምህርት ባለሙያዎች ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ቋንቋ ኢምፔሪያሊዝም ባሳተሙት መጽሐፍ የዚያን ጉባኤ እምነቶች አንድ በአንድ መርምረው ማስረጃ የሌላቸው መሆኑን አሳይተዋል፤ ከእነዚያ እምነቶች አንዱ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሰጥ ይሻላል የሚለው ነው። በዚያ ጊዜ በየአገሩ ይላኩ የነበሩት አስተማሪዎችና ባለሙያዎች የተማሪዎቻቸውን ቋንቋ አያውቁም ነበር። የማያውቁትን ቋንቋ አለመጠቀም ለእነሱ ግድ ነው። የተማሪውን ቋንቋ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ የአንበሳሜ መምህር ግን የባዕዱን ችግር ወርሶ በፈቃዱ ምላሱን የሚያስርበት ምን ምክንያት አለው?

ጥናት ከተፈለገ የራሳችን አለ። ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ለትምህርት ሚኒስቴር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ያቀረቡት ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በሳይንስና በሒሳብ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይቷል። የእናት ቋንቋ ለሌላው ዕውቀት መሰላል እንጂ መሰናክል አልሆነም።

ከጥናቱም በፊት ግን ይህ አገር ምስክር አለው። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አምባ በዚሁ በደቡብ ጎንደር ናቸው። ወደ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሚማረው ማንም እናት ለልጇ የማትናገረውን ግእዝን ነው። በአማርኛ ነው የሚማረው። ግሥ ሲያወርድ «ቀደሰ» ካለ «አመሰገነ» ብሎ ፍቺውን ያስከትላል። አገባብ ሲማር ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተብለው የተከፈሉትን ጥቃቅን ቃላት አንድ በአንድ እየለየ ሥራቸውን በአማርኛ ይሰማል። ግእዝ እንደ «ዘ» ያለ ራሱን የቻለ ምልክት ስለሌለው «ብእሲ» የሚለውን ሲተረጉም «ሰው» ይበል «ሰውየው» ይበል ከአውዱ እየመዘነ ይወስናል። ይህ ተማሪ በመጨረሻ ከዚያ በፊት ማንም ያልተናገረውን ቅኔ በግእዝ ይዘርፋል። የግእዝ ተናጋሪ ጎረቤት የለውም፤ ፕላዝማ የለውም። ያለው ሕጉን በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው መምህርና ትንሹን ቃል የማይንቅ ሥርዓት ነው። ቋንቋ በራሱ ብቻ ካልሆነ አይለመድም የሚል ሰው ይህን ሊያስረዳ ይገባዋል።

«እነዚህ ቃላት ጥቃቅን ናቸው፤ ቢቀሩም ሐሳቡ ይገባል» የሚሉም አሉ። አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 22 ቀን 1967 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 242 የእስራኤል ጦር በዚያው ዓመት በተካሄደው ጦርነት ከተያዙ ግዛቶች እንዲወጣ ይላል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ግዛቶች» ከሚለው ቃል ፊት «ዘ» የለችም። አንዱ ወገን ቃሏ ስለሌለች ከሁሉም መውጣት ግዴታ አይደለም አለ፤ ሌላው ወገን የፈረንሳይኛውን ጽሑፍ ይዞ ከሁሉም ነው አለ። ዲፕሎማቶችና የሕግ ሊቃውንት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከራከሩት አንዲት ወሳኝ ቃል በሌለችበት ቦታ ላይ ነው። በአገራችንም ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሕጎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ ዕውቅና ያለው አማርኛው ነው። «ፍርድ ቤት» እና «ፍርድ ቤቱ» የሚሉትን ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግር ባለሙያ ነገ ከእነዚህ ክፍሎች ነው የሚወጣው። ውል የሚያረቅቅ፣ የሐኪም ማስታወሻ የሚጽፍ፣ የምርምር ሥራውን ለዓለም የሚያቀርብ ሰው ከእነዚህ ክፍሎች ነው የሚወጣው።

የሚያሳስበው ጉዳይ ሩቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ይህን ሁሉ ውድቀት በወሳኝ ቃላት አላመካኝም። ነገር ግን የፊዚክሱም የባዮሎጂውም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው፤ «ከሚከተሉት አንዱ»፣ «እያንዳንዱ»፣ «የትኛውም»፣ «ሁለቱም»፣ «ከሁለቱ አንዱም» የሚሉት የጥያቄው መዞሪያዎች ሁሉ ወሳኝ ቃላት ናቸው። ፊዚክሱን እያወቀ ጥያቄው ስንቱን እንደጠየቀው ያልለየ ልጅ ይወድቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን፣ በአማራ፣ በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ልጆች ዓመታት አጥተዋል። ለእነዚህ ልጆች ረጅሙን መንገድ ማዘዝ ጭካኔ ነው።

አንድ የቀረ ተቃውሞ አለ፦ «ፈቃዱ ከተሰጠ መምህራን ክፍለ ጊዜውን ሁሉ በአማርኛ ያሳልፉታል» የሚል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ እኔም የምጠይቀው እንግሊዝኛን በአማርኛ መተካት አይደለም። አማርኛው ሕጉን ለማሳየት ይግባ፣ ሥራውን ጨርሶ ይውጣ፤ የቀረው ጊዜ በእንግሊዝኛ ለመናገር፣ ለማንበብና ለመጻፍ ይዋል። ሕጉ የገባው ተማሪ ደፍሮ ይናገራል፤ ያልገባው ዝም ይላል። አሁን ባለው አሠራር «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚባለው ክፍል ብዙ ጊዜ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍበትና ተማሪው በዝምታ የሚገለብጥበት ክፍል ነው። ዝምታ እንግሊዝኛ አይደለም።

ሌላ ቋንቋ ለሚናገሩ ልጆችም የምለው ይኸው ነው፤ አማርኛን በእነሱ ላይ ልጫን አላልኩም። ትግርኛ «እቲ»ን ከስሙ በፊት ነጥሎ ያስቀምጣል፤ የትግርኛ ተናጋሪ ልጅ ለ«ዘ» ከእኛም ይልቅ የቀረበ ነው። አፋን ኦሮሞ «ነሚቻ» ሲል የታወቀውን ሰው ማለቱ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከገዛ ቋንቋው የሚነሳ መንገድ አለው። በአንበሳሜ ያ መንገድ አማርኛ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ አማርኛን በእንግሊዝኛ ክፍል መጠቀምን ከድክመት መዝገብ ያውጣ፤ ሱፐርቫይዘሩ አማርኛ ስለመነገሩ ሳይሆን ምን ስለማስረዳቱ ይመዝግብ። ለክልሉ የሚዘጋጁ አጋዥ መጻሕፍት ስለ ወሳኝ ቃላት ሲያስተምሩ የአማርኛውን ሥርዓት ከጎኑ ያስቀምጡ፤ የሚገጥሙበትንና የሚለያዩበትን ለይተው ያሳዩ። እንደ ደብረ ታቦር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሉ ተቋማት ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሚያሠለጥኑትን ሰው የአማርኛ ሰዋስው ያስተምሩት፤ የተማሪውን ቋንቋ ሥርዓት የማያውቅ መምህር የተማሪውን ስህተት ሊያውቅ አይችልምና። ልጅን በገዛ ቋንቋው ስለተናገረ መቅጣት ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይቁም።

ልጆቻችን የታወቀውን ካልታወቀው፣ አንዱን ከብዙው፣ የራስን ከሌላው መለየት የሚችል አእምሮና ቋንቋ ይዘው ነው ክፍል የሚገቡት። የመምህሩ ድርሻ ያንን ዕውቀት ስሙን ጠርቶ መቀበል፣ ከዚያም እንግሊዝኛ የት ላይ ሌላ መንገድ እንደሚይዝ ማሳየት ነው። ይህን ማድረግ አዲስ በጀት፣ አዲስ ሕንፃ፣ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ክልከላ ማንሳት ነው፤ የሚያነሱትም ሰዎች አሉ፣ ሥልጣኑም በእጃቸው ነው።